የድንበር ክርክርና የደም ዋጋ

«ጦርነት እፈልጋለሁ» ብሎ በሕዝብ ፊት የሚቆም መሪ እምብዛም አይገኝም። መሪዎች ጦርነት ሲከፍቱ የሚናገሩት ስለ ሰላም፣ ስለ ፍትሕና ስለ አባቶች አደራ ነው። ጉዳዩ የድንበር ጉዳይ ሲሆን ደግሞ ሥራቸው ይበልጥ ይቀላል። መሬት የሚታይና የሚረገጥ ነገር ነውና «መሬታችን ተወሰደ» የሚለው ቃል ማንንም ከተቀመጠበት ያስነሳል። ገበሬው የማሳውን ወሰን፣ የከተማው ሰው የግቢውን አጥር እያሰበ ይሰማዋል። መሪውም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ውድ አንባቢያን! በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ ጥያቄ ነው። አንድ መሪ ለድንበር ሲባል መግደልና መሞት ተገቢ ነው ብሎ ሕዝቡን የሚያሳምነው በምን መንገድ ነው? ያ ምክንያቱስ በሚዛን ላይ ቢቀመጥ የሚፈስሰውን ደም ያህል ይመዝናልን? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ጥያቄውን በባዶ ሜዳ ከምንከራከርበት አንድ እውነተኛ ታሪክ ይዘን እንጓዝ። ታሪኩ የሁለት ሙስሊም ጎረቤታሞች፣ የኢራቅና የኢራን ጦርነት ነው። ዘመናቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የአንድ ወንዝ ክርክር

ዲጅላና ፉራት የተባሉት ታላላቅ ወንዞች በደቡብ ኢራቅ አል-ቁርና በተባለች ከተማ አጠገብ ይገናኙና አንድ ወንዝ ሆነው ወደ ባሕረ ሰላጤው ይፈስሳሉ። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን ይህን ወንዝ ዐረቦች «ሸጥ አል-ዐረብ»፣ ኢራናውያን ደግሞ «አርቫንድ ሩድ» ይሉታል። የታችኛው ክፍሉ የሁለቱ አገሮች ድንበር ነው። የኢራቅ ታላቅ ወደብ በስራ፣ የኢራን ወደብ ኾራምሻህርና የነዳጅ ማጣሪያ ያለባት አባዳን ሁሉም የሚገኙት በዚሁ ውሃ ዳር ነው።

የክርክሩ ፍሬ ነገር፣ ወሰኑ የወንዙ ዳር ነው ወይስ መካከሉ? የሚል ነው። ክርክሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። የኦቶማን ሱልጣኖችና የፋርስ ነገሥታት በ1639 ውል አደረጉ። በ1847 እንደገና ተዋዋሉ፤ በ1913ም እንዲሁ። በ1937 በተደረገው ውል ወሰኑ በኢራን በኩል ባለው ዳር ላይ ሆነና ከአባዳን ፊት ለፊትና ከአካባቢው በስተቀር ውሃው በአብዛኛው ለኢራቅ ተሰጠ። በ1969 የኢራን ሻህ «ይህ ውል ፍትሐዊ አይደለም» ብለው ለብቻቸው ሻሩት። ከዚያም በሰሜን ኢራቅ መንግሥታቸውን ይወጉ የነበሩትን ኩርዶች በመሣሪያ መርዳት ያዙ።

በመጨረሻም ማርች 6 ቀን 1975 በአልጄሪያው ፕሬዚዳንት ሁዋሪ ቡመዲየን አስታራቂነት በአልጀርስ ስምምነት ተደረገ። ኢራቅ የወንዙ ወሰን መርከብ የሚሄድበት ጥልቅ መሥመር፣ ማለትም መካከሉ እንዲሆን ተቀበለች። ኢራን ደግሞ ኩርዶችን መርዳቷን አቆመች። በየብስ በኩል ያለው ድንበርም እንዲካለል ተስማሙ። በኢራቅ ስም የተስማሙት በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ሁለተኛ ሰው የነበሩት ሳዳም ሑሴን ናቸው።

ከአምስት ዓመት ተኩል በኋላ፣ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1980፣ እኚሁ ሰው ፕሬዚዳንት ሆነው በአገራቸው ምክር ቤት ፊት ቆሙና ራሳቸው የተስማሙበት ውል መሻሩን አወጁ። ሴፕቴምበር 22 ቀን አውሮፕላኖቻቸው የኢራንን የአየር ማረፊያዎች ደበደቡ። እግረኛውና ታንኩም ድንበሩን ተሻገረ።

ምክንያቱ እንዴት እያደገ ሄደ?

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ሳዳም ሑሴን ያቀረቡት ክስ ሁሉ ፈጠራ አልነበረም። በ1975ቱ ስምምነት መሠረት ለኢራቅ መመለስ የነበረባቸው ዘይን አል-ቀውስና ሰይፍ ሰዕድ የተባሉ ቦታዎች አልተመለሱም ነበር። በ1979 ሻህን የገለበጠው የኢራን አዲሱ መንግሥት መሪዎችም የኢራቅ ሕዝብ መንግሥቱን እንዲጥል በይፋ ይጠሩ ነበር። በድንበሩ ላይም መድፍ ይተኮስ ነበር። ስለዚህ «ቅሬታ አለኝ» ቢሉ ሐሰት አይሆንም።

ነገር ግን ልብ ብለን እናስተውል። ኢራቅ እነዚያን ያልተመለሱ ቦታዎች ገና ታላቁ ጦርነት ሳይጀመር፣ በዚያው በሴፕቴምበር ወር መጀመሪያ ሳምንታት በኃይል ይዛቸው ነበር። ምክንያቱ እነርሱ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር። አላበቃም። ምክንያቱ አደገ።

በመጀመሪያ «ያልተመለሰ መሬት አለ» ተባለ። ቀጥሎ «የ1975ቱን ውል የፈረምነው ተገደን ነው፤ ወንዙ በሙሉ የእኛ ነው» ተባለ። ቀጥሎም ኢራን በ1971 የያዘቻቸው ሦስት የባሕረ ሰላጤው ደሴቶች ተነሡ፤ እነዚህ ደሴቶች ደግሞ የኢራቅ ሆነው አያውቁም። ከዚያም በኢራን ኹዚስታን ግዛት የሚኖሩት ዐረቦች ነፃነት ተነሣ። በመጨረሻም ጦርነቱ «የሳዳም ቃዲሲያ» የሚል ስም ተሰጠው።

ይህ የመጨረሻው በተለይ እኛን ሙስሊሞችን ሊያስቆመን ይገባል። ቃዲሲያ በ636 ገደማ ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) የመሩት የሙስሊሞች ሠራዊት የፋርስን ንጉሠ ነገሥት ጦር ያሸነፈበት ቦታ ነው። በዚያን ጊዜ በወዲያ በኩል የቆሙት እሳት የሚያመልኩ የንጉሥ ወታደሮች ነበሩ። በ1980 በወዲያ በኩል የቆሙት ግን ወደ አንድ ቂብላ የሚሰግዱ፣ አንድ ቁርኣን የሚቀሩ፣ በአንድ ረመዳን የሚጾሙ ሰዎች ናቸው። በኢራቅ ሠራዊት ውስጥ ከነበሩት ተራ ወታደሮችም ብዙዎቹ እንደ ኢራናውያኑ ሺዓዎች ነበሩ። ወንድም ወንድሙን እንዲገድል የሰሓቦች ስም ተዋሰ። ኢራንም በበኩሏ ዘመቻዎቿን «ከርበላ» እያለች ስትሰይም፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የልጅ ልጅ የሑሰይን (ረ.ዐ.) ደም በሌላ ወገን መዝገብ ላይ ዋለ።

ምክንያቱ ለምን እንዲህ ማደግ አስፈለገው? መልሱ ቀላል ነው። የወንዝ መካከልና የወንዝ ዳር የሚለው ልዩነት የልጅን ሞት መሸከም አይችልም። የትኛዋም እናት «ልጅሽ የሞተው መርከቦች ከወንዙ መካከል በወዲህ ወይም በወዲያ እንዲያልፉ ነው» ብትባል አትጽናናም። ስለዚህ መሪው ትንሹን ነገር በትልቅ ቃል ይጠቀልለዋል። ክብር፣ ታሪክ፣ የአባቶች ደም፣ ሃይማኖት ይለዋል። አንድ መሪ ስለ ድንበር ሲናገር ቃላቱ ከመሬቱ እየበለጡ ከሄዱ፣ መሬቱ ብቻውን ለጦርነቱ በቂ ምክንያት እንዳልሆነ እርሱም ልቡ ያውቀዋል ማለት ነው።

«የእኔ ነው» እና «ስለዚህ እገድላለሁ»

አሁን ወደ ጥያቄው ሥር እንግባ። የድንበር ጦርነት የሚያውጅ መሪ ሁለት ነገሮችን እንደ አንድ አድርጎ ያቀርባል። አንደኛው «ይህ መሬት የእኔ ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ስለዚህ ልዋጋ ይገባኛል» የሚለው ነው። ሕዝቡ የመጀመሪያውን ከተቀበለ ሁለተኛውን ሳይጠይቅ ይቀበላል። መሪው ካርታ ያሳያል፣ ያረጁ ውሎችን ይጠቅሳል፣ የአባቶችን መቃብር ይቆጥራል፤ ይህ ሁሉ ማስረጃ ግን ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። ስለ ሁለተኛው አንዳች ማስረጃ አላቀረበም።

በመካከላቸው ያለውን ርቀት በራሳችን ሰፈር እናውቀዋለን። ጎረቤቴ ድንበር ገፍቶ የማሳዬን ጫፍ ቢያርስ ተበዳይ ነኝ። ይሁንና ሌሊት ሄጄ ልጁን ብገድል «መሬቱ እኮ የእኔ ነበር» ማለቴ ከሽማግሌም ከቃዲም ፊት አያድነኝም። ሽማግሌዎቹ «መሬቱስ የአንተ ነው፤ ልጁን ግን ለምን ገደልህ?» ይሉኛል። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ስለሆኑ ሁለት መልስ ይፈልጋሉ። ታዲያ በአንድ ሰው ላይ ይህን ያህል ግልጽ የሆነው ነገር በመቶ ሺህ ሰዎች ላይ ሲሆን ለምን ይሰወርብናል?

ዲናችን ስለ መሬት ዙልም ዝም ያለ አይደለም። ከሰው መሬት አንዲት ስንዝር በግፍ የወሰደ ሰው በቂያማ ዕለት ሰባት ምድር በአንገቱ እንደሚጠመጠምበት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስጠንቅቀዋል። ይህን ሐዲስ ካስተላለፉት አንዱ ሰዒድ ኢብን ዘይድ (ረ.ዐ.) ናቸው። እኚህ ሰሓባ አንዲት ሴት «መሬቴን ወሰደብኝ» ብላ በአገረ ገዥው ዘንድ ከሰሰቻቸው። እርሳቸው ሐዲሱን ጠቅሰው «ይህን ከሰማሁ በኋላ እንዴት የእርሷን መሬት እወስዳለሁ?» በሚል መንፈስ መለሱና መሬቱን ተዉላት፤ ፍርዱንም ለአላህ ሰጡ። ልብ በሉ! ያው ሐዲስ ለአንድ ሰው መሬቱን ላለመልቀቅ ምክንያት ሊሆነው ይችል ነበር። ለእርሳቸው ግን ከመጠራጠር መራቂያ ሆናቸው። ሕዝብን የሚመራ ሰው አገሩን እንዲህ እየተወ ይስጥ ማለታችን አይደለም፤ አገር የግል ርስት አይደለምና። ነገር ግን ከመሬቱ ይልቅ የሚያስፈራው ዙልሙ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ስለ ውልም እንዲሁ ነው። ሳዳም ሑሴን «ተገድጄ ነው የፈረምኩት» ብለው ውል አፈረሱ። በሑደይቢያ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተዋዋሉት ውል ለብዙ ሰሓቦች መሪር ነበር፤ ዑመር (ረ.ዐ.) ሳይቀሩ ጠይቀዋል። በሰንሰለት ታስሮ ያመለጠው አቡ ጀንደል (ረ.ዐ.) ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ወደ ቁረይሾች ተመለሰ። ውሉ ግን ተከበረ፤ የፈረሰውም በወዲያኛው ወገን አጋሮች ጥቃት ነው። ሌላም አለ። ሙዓዊያ (ረ.ዐ.) ከሮማውያን ጋር የጊዜ ገደብ ያለው ውል ነበራቸው። ጊዜው ሊያልቅ ሲቃረብ፣ ባለቀበት ቅጽበት ለማጥቃት ጦራቸውን ወደ ድንበሩ አስጠጉ። ያን ጊዜ ዐምር ኢብን ዐበሳ (ረ.ዐ.) በፈረስ እየጋለቡ ደረሱና «ቃል ማክበር ነው እንጂ ክህደት አይገባም» ሲሉ ጮኹ፤ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሙትንም ነገሯቸው። ሙዓዊያም ጦራቸውን ይዘው ተመለሱ። የጦር መሪ ከድንበር ላይ በአንድ ሰው ቃል የተመለሰበት ታሪክ አለን ማለት ነው። መመለስም ውርደት ተብሎ አልተጻፈባቸውም።

ደም ራሱ ምክንያት ሲሆን

የጦርነት ክፉ ጠባይ ከተጀመረ በኋላ የራሱን ምክንያት መውለዱ ነው። ለዚህ ደግሞ የኢራንን በኩል እንመልከት።

በ1980 ኢራን ተጠቃች። ራሷን መከላከሏ በሸሪዓም ሆነ በዓለም ሕግ የሚነቀፍ አይደለም። የኾራምሻህር ሰዎች ከተማቸውን በየጎዳናው ተከላከሉ፤ ከተማዋ ግን ተያዘች። ሜይ 24 ቀን 1982 ኢራናውያን መልሰው ያዟት። በቀጣዩ ወር ኢራቅ ከያዘችው የኢራን ምድር እንደምትወጣ አስታውቃ ተኩስ እንዲቆም ጠየቀች። እዚህ ላይ የመከላከል ምክንያት ወደ ማለቁ ደርሶ ነበር።

የኢራን መሪዎች ግን አላቆሙም። ሳዳም ሑሴን ከሥልጣን ይውረዱ፣ ካሣ ይከፈል አሉ። የቁድስ መንገድ በከርበላ በኩል ነው የሚለው መፈክርም ተሰማ። በጁላይ 1982 ጦራቸው ወደ በስራ ገሠገሠ። ያን ጊዜ የሚቀርበው ምክንያት «እስከ አሁን የፈሰሰው ደም ከንቱ አይቅር» የሚል ነበር። ይህ ቃል ሲሰማ ልብ ይነካል። ነገር ግን ውስጡን ስንመረምረው፣ ለሞቱት ሲባል ገና በሕይወት ያሉት ይሙቱ ማለት ነው። የሞተ ሰው በሌላ ሰው ሞት አይነሣም። ጦርነቱም ሌላ ስድስት ዓመት ቆየ።

በሱረቱል ሑጁራት አላህ (ሱ.ወ.) ሁለት የምእመናን ወገኖች ቢጋደሉ እንድናስታርቃቸው፣ አንደኛው ወሰን ቢያልፍም ወደ አላህ ትእዛዝ እስኪመለስ ድረስ ወሰን አላፊውን እንድንዋጋ፣ ሲመለስ ደግሞ በፍትሕ እንድናስታርቅ ያዛል። «እስኪመለስ ድረስ» የሚለው ወሰን ነው። ለመዋጋት ፈቃድ በተሰጠበት ቦታ እንኳ ማቆሚያው አብሮ ተነግሯል። ማቆሚያ የሌለው የጦርነት ምክንያት ምን ያህል የከበረ ስም ቢሰጠው ይህን ሚዛን አያልፍም።

በእነዚያ ስምንት ዓመታት የሞተው ሰው በብዙ መቶ ሺዎች ይቆጠራል። ኢራቅ በመርዝ ጋዝ ተጠቀመች። ማርች 16 ቀን 1988 ጋዙ ሐለብጃ በተባለችው የኢራቅ የራሷ የኩርዶች ከተማ ላይ ወርዶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችን፣ ሕፃናትንና ወንዶችን ፈጀ። ኢራን በጁላይ 1988 የተባበሩት መንግሥታትን የተኩስ አቁም ውሳኔ ተቀበለች፤ አያቶላህ ኾሜይኒም ውሳኔውን መቀበሉን መርዝ ከመጠጣት ጋር አመሳሰሉት። ኦገስት 20 ቀን 1988 ተኩስ ቆመ። ለእርሱ ሲባል ጦርነት የተከፈተለት ወንዝ የሰመጡ መርከቦችና የደለል መከማቻ ሆኖ፣ መርከብ የማያልፍበት ሆኖ ቀርቶ ነበር።

አንድ ደብዳቤ

ተማሪዎቼ ስለዚህ ጦርነት ስነግራቸው ሁልጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት «ማን አሸነፈ?» ብለው ነው። እኔም መልሱን በአንድ ደብዳቤ እነግራቸዋለሁ።

ኦገስት 2 ቀን 1990 ሳዳም ሑሴን ኩዌትን ወረሩ። በዚያም የቀረበው ምክንያት የድንበር ነዳጅ ጉድጓድ፣ ታሪክና ክብር ነበር። ዓለም ሲነሣባቸው ከኢራን በኩል ያለውን ሠራዊታቸውን ወደዚያ ማዛወር ፈለጉ። ስለዚህ በዚያው ወር አጋማሽ ለኢራኑ ፕሬዚዳንት ራፍሳንጃኒ ደብዳቤ ጽፈው የ1975ቱን ስምምነት ተቀበሉ። ከያዙት የኢራን ምድር ጦራቸውን አስወጡ፤ ምርኮኞችንም መለዋወጥ ጀመሩ። ወሰኑ እንደገና የወንዙ መካከል ሆነ።

እንግዲህ እናስብ። ያ የወንዝ መሥመር በ1980 የብዙ መቶ ሺህ ሰው ነፍስ የሚያወጣ ከነበረ በ1990 በአንድ ደብዳቤ እንዴት ተሰጠ? በ1990 በአንድ ደብዳቤ መሰጠት የሚችል ከነበረስ በ1980 ያ ደብዳቤ ለምን አልተጻፈም? የአንድ መሪ ምክንያት የሚመዘነው ሲያነሣው በተናገረው ንግግር ብቻ አይደለም፤ ሲጥለው ባሳየው ቅለትም ጭምር ነው። በ1980 «ክብራችን ነው» የተባለው ነገር በ1990 ለሌላ ጦርነት መዘጋጃ ተለወጠ። በ1980 ልጇን የቀበረች እናት ግን ደብዳቤ ጽፋ ልጇን አታስመልስም።

ዲሴምበር 9 ቀን 1991 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ባቀረቡት ሪፖርት፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1980 የተፈጸመው የኢራቅ ጥቃት ቀደም ብሎ በነበሩት ቅሬታዎች ሊጸድቅ እንደማይችል ገለጹ። ቅሬታ መኖሩ ጦርነቱን ትክክል አላደረገውም ማለት ነው።

ከቤታችን የቀረበው ምሳሌ

አንዳንድ አንባቢ «ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ነው» ይል ይሆናል። ነገር ግን እኛም ከጎረቤታችን ከኤርትራ ጋር በባድመ ምክንያት ከ1998 እስከ 2000 ድረስ ተዋግተናል፤ ከሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ረግፈዋል። ቤተሰብ ከሁለት ተከፍሏል፤ ኖሮበት ከኖረው አገር የተባረረው ብዙ ነው። የሚገርመው የሰላም ስምምነቱ ዲሴምበር 12 ቀን 2000 የተፈረመው በዚያችው በአልጀርስ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ፍርዶች ተሰጡ። የድንበር ኮሚሽኑ ኤፕሪል 13 ቀን 2002 በሰጠው ውሳኔ ባድመ በኤርትራ በኩል ሆነች። የካሣ ኮሚሽኑ ደግሞ በዲሴምበር 2005፣ ኤርትራ ሜይ 12 ቀን 1998 በኢትዮጵያ ሰላማዊ አስተዳደር ሥር የነበረችውን ባድመን በጦር ኃይል ማጥቃቷ የዓለምን ሕግ የጣሰ ነው ሲል ፈረደ። ሁለቱ ፍርዶች እርስ በርስ የሚጋጩ የሚመስላቸው አሉ። አይጋጩም። አንደኛው «መሬቱ የማን ነው?» የሚለውን መለሰ፤ ሁለተኛው «መዋጋት ይገባ ነበርን?» የሚለውን መለሰ። መሬቱ የእርሱ የሆነው ወገንም ቢሆን በጦርነቱ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል የተጠቃው ወገን ደግሞ ውሳኔው የመጨረሻ ነው ብሎ ፈርሞ ሳለ ፍርዱ ሲወጣ ለብዙ ዓመታት ሳይፈጽመው ቆየ። እስከ 2018 ድረስ በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነትም ሰላምም ያልሆነ ዘመን አለፈ። ፍትሕ ስንፈልግ የምንፈልገው ለራሳችን የሚፈርደውን ብቻ ከሆነ ያ ፍትሕ አይባልም።

ታዲያ መሬት ሲወሰድ ዝም ይባላልን?

ዝም አይባልም። ወራሪ ሲመጣ መከላከል ግዴታ ነው። ነገር ግን በዝምታና በጦርነት መካከል ሰፊ ሜዳ አለ። በዲሴምበር 1995 ኤርትራና የመን በቀይ ባሕር በሐኒሽ ደሴቶች ላይ ተዋግተው ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ግን ጉዳዩን ለሽምግልና ፍርድ ቤት ሰጡ። በ1998 በተሰጠው ፍርድ ታላላቆቹ ደሴቶች ለየመን፣ አንዳንድ ትናንሾች ለኤርትራ ሆኑ፤ ከጥንት ጀምሮ በዚያ ያጠምዱ የነበሩት የሁለቱ አገር ዓሣ አጥማጆችም እንደ ልማዳቸው እንዲሠሩ ተወሰነ። ኤርትራም ከደሴቶቹ ለቀቀች። ቀጠርና ባሕረይንም በሐዋር ደሴቶች ላይ ለረጅም ዘመን ተከራክረው፣ በ2001 የዓለም ፍርድ ቤት ደሴቶቹን ለባሕረይን፣ ዙባራን ለቀጠር ሲሰጥ ሁለቱም ተቀበሉ። እነዚህ መሪዎች መሬታቸውን አልናቁም። ግን «የእኔ ነው» የሚለውን ክርክር ከ«እገድላለሁ» ለይተው ወደሚገባው ቦታ ወሰዱት።

የእኛ ድርሻ

መሪ ብቻውን አይዋጋም። የሚዋጋው ከየቤታችን በሚወጡ ልጆች ነው። ስለዚህ የመሪው ምክንያት የሚመዘነው በቤተ መንግሥት ብቻ ሳይሆን በየቤታችን ማዕድ ዙሪያም ነው። ከበሮ ሲመታ፣ ዘፈኑ ሲደምቅ፣ አባትና እናት ለልጆቻቸው ሦስት ጥያቄዎችን ሊያስተምሩ ይገባል። ጥያቄዎቹ ከላይ ካየነው ታሪክ የተገኙ ናቸው።

አንደኛ፦ ሳይንኳኳ የቀረ በር አለን? ሽማግሌ፣ ፍርድ ቤት፣ ጊዜ የሚፈታው ነገር ሆኖ ሳለ ወደ ጥይት ከተሄደ ያ መሪ የሚፈልገው መሬቱን ብቻ አይደለም።

ሁለተኛ፦ የተነሣው ቃል ከመሬቱ ይበልጣልን? ለአንድ ኮረብታ የሺህ ዓመት ታሪክ፣ የሰሓባ ስም፣ የሃይማኖት ክብር ሲጠራ እንጠንቀቅ። ዲን ለዱንያ ክርክር መሸፈኛ መሆን የለበትም።

ሦስተኛ፦ ማቆሚያው የት ነው? «መሬታችን ሲመለስ እናቆማለን» ያለ መሪ መሬቱ ሲመለስ ካላቆመ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ የሚፈስሰው ደም ሌላ ስም ያስፈልገዋል።

እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ አገርን መክዳት አይደለም። ዐምር ኢብን ዐበሳ (ረ.ዐ.) ጦሩን ሲያስቆሙ ከሐዲ አልተባሉም፤ ለመሪያቸው ከባድ ኃጢአት እንዳይሸከም የደረሱለት ወዳጅ ነበሩ። በዳይን መርዳት ከበደሉ በመከልከል መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። እያጨበጨበ ወደ ገደል ከሚሸኝ ሕዝብ ይልቅ ልጓም ይዞ የሚያስቆም ሕዝብ ለመሪውም ለራሱም የተሻለ ነው።

የወንዙ ውሃ ዛሬም ወደ ባሕረ ሰላጤው ይፈስሳል። በቂያማ ዕለት ስለ ወንዙ መካከልና ስለ ወንዙ ዳር መጠየቅ ካለ መልሱ ቀላል ነው። ስለ ነፍሶቹ ግን አንድ በአንድ ይጠየቃል። አላህ (ሱ.ወ.) ለመሪዎች ሁሉ ከመጀመራቸው በፊት የሚያስቡበትን ልቦና፣ ለእኛም ከማጨብጨባችን በፊት የምንጠይቅበትን ድፍረት ይስጠን። አሚን!